የጽዋው ጭቃ፦ የማኅበር ዕቃዎችና የሸክላ ሳይንስ በፎገራ ሜዳ

የሰው ልጅ የእምነት ሥርዓቱን ሲፈጽም ባዶ እጁን የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው። ውኃ፣ ወይን፣ ጠላ፣ ዘይት ወይም እህል ይዞ ይቀርባል፤ የያዘውንም የሚያኖርበት ዕቃ ያስፈልገዋል። በመሆኑም በብዙ የዓለማችን የእምነት ሥርዓቶች ውስጥ ለሥርዓቱ ብቻ የተለየ፣ ከተራ የቤት ዕቃ ጋር የማይደባለቅ መያዣ እናገኛለን። በአገራችንም ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው የማኅበር ጽዋ ነው።

እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን የታሪክና የሥነ ሰብ ምሁራን ትርጉማቸውን ለማወቅ ያጠኗቸዋል። የተፈጥሮ ሳይንስ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። ዕቃው ከምን ተሠራ? ስለ ምንስ ከዚያ ቁስ ተሠራ? ቁሱ በሌላ ቢለወጥ ምን ይቀራል፣ ምንስ ይጎድላል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በደቡብ ጎንደር፣ በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ላይ ቆመን ለመመለስ እንሞክራለን። የጽዋው ክብር ከእምነቱ የሚመነጭ ነው፤ አገልግሎቱ ግን የተመሠረተው በጭቃው ጠባይ ላይ ነው። ይህን ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁት ደግሞ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ናቸው። ዛሬ የሸክላውን ቦታ ፕላስቲክ እየወሰደው ባለበት ጊዜ ይህን ዕውቀት መረዳት የቅርስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ሆኗል።

ጽዋና ማኅበር

«ጽዋ» የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ሲሆን የመጠጫ ዕቃን ያመለክታል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ በሁለት ስፍራ እናገኘዋለን። አንደኛው በቤተ መቅደስ ውስጥ ቅዱስ ቁርባን የሚቀርብበት ሲሆን ከጻሕሉና ከዕርፈ መስቀሉ ጋር ከንዋያተ ቅድሳት ይቆጠራል። ሁለተኛው ከቤተ መቅደስ ውጪ፣ በምእመናን ቤት በየተራ የሚዞረው የጽዋ ማኅበር ዕቃ ነው።

ጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ስም የሚሰባሰቡ ጎረቤቶችና ወዳጆች የሚመሠርቱት ማኅበር ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም ወይም በ27 በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ አባላቱ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛው ዳቦ ይጋግራል፤ ጠላ ይጠምቃል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውንና ጠላውን ከባረከ በኋላ ከጽዋው ይቀመሳል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ በክብር ይተላለፋል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው አንድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትንም ተቀብሏል። ከአባላቱ አንዱ ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚቀብረው፣ ቢቸገር የሚደግፈው ይኸው ማኅበር ነውና።

የማኅበር ጽዋ በልማድ ክዳን ያለው የሸክላ ዕቃ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ጽዋው ብቻውን አይቆምም። የሚሞላው በጋን ከተጠመቀ ጠላ ነው፤ ለጥንስሱ የሚሆነው ውኃ በእንስራ ይቀዳል፤ የብቅሉና የእህሉ ቂጣ በሸክላ ምጣድ ይጋገራል። ስለዚህ ስለ ጽዋው የምንናገረው ሁሉ ስለ ሸክላ ዕቃዎች ቤተሰብ በሙሉ የሚናገር ነው።

ሦስት ቁሶች

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሥርዓት ዕቃዎች ከሦስት ቁሶች ተሠርተው እናገኛለን፤ ከድንጋይ፣ ከብረታ ብረትና ከሸክላ። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው የጣና ቂርቆስ ገዳም አናታቸው የተቦረቦረ የድንጋይ ምሰሶዎች አሉ። የገዳሙ ትውፊት በብሉይ ኪዳን ዘመን የመሥዋዕት ደም ይፈስባቸው እንደ ነበር ይናገራል። የቁርባኑ ጽዋ ደግሞ ከብረታ ብረት የሚሠራ ሲሆን የማኅበሩ ጽዋ ከሸክላ ነው።

ይህን ልዩነት በሳይንስ ዐይን ስንመለከተው አንድ ቁልፍ ቃል እናገኛለን፤ ይኸውም መምጠጥ ነው። ብር ወይም ወርቅ ፈሳሽ አይመጥም። በላዩ የነበረው ነገር በውኃ ሲታጠብ ሙሉ በሙሉ ይለቃል። ከቁርባኑ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትቀር ለሚጠነቀቅ ሥርዓት ይህ ጠባይ ተስማሚ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰና ገጹ በመስታወት መሰል ቅብ ያልተሸፈነ ሸክላ ግን በውስጡ እርስ በርስ የተያያዙ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። የገባበት ፈሳሽ በግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል፤ በማጠብ ብቻም አይወጣም።

የጥንት ሰዎች ይህን ያውቁ እንደ ነበር ከኦሪት ሕግ መረዳት ይቻላል። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ቁጥር 28 የኃጢአት መሥዋዕት የተቀቀለበት የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር፣ የናስ ዕቃ ግን ተፈግፍጎ በውኃ እንዲታጠብ ታዝዟል። ሕጉ የሃይማኖት ሕግ ነው፤ በውስጡ ያለው አስተውሎት ግን የቁስ አካል ሳይንስ ነው። የመጠጠውን የማይለቅ ዕቃ ከማይመጥ ዕቃ ተለይቷል።

ከጉና ተራራ እስከ ፎገራ ሜዳ

ሸክላ ከየትኛውም አፈር አይሠራም። ስለዚህ የአካባቢውን አፈር ትውልድ መመርመር ይገባናል።

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ትገኛለች፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። በዙሪያዋ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ የፈጠሩት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ናቸው። ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው፣ በክረምት ደለል ተሸክመው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ጉና የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ስለዚህ የሜዳውም ሆነ የኮረብታው አፈር ወላጅ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው።

ይሁን እንጂ ከአንድ ወላጅ ሁለት የተለያዩ ልጆች ተወልደዋል። ውኃ ፈጥኖ በሚወርድበት ኮረብታ ላይ ዝናቡ የሚሟሙትን ንጥረ ነገሮች አጥቦ ሲወስድ፣ ካኦሊናይት የተባለ የሸክላ ማዕድን የሚበዛበት ቀይ አፈር ይቀራል። ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ግን ሲሊካና ማግኒዚየም ሳይታጠቡ ስለሚከማቹ ስሜክታይት የተባለው ማዕድን ይፈጠራል። ይህ ማዕድን የሚበዛበትን ጥቁር አፈር ገበሬው ዋልካ፣ የአፈር ሳይንስ ደግሞ ቨርቲሶል ይለዋል።

ሁለቱም ማዕድናት ከ2 ማይክሮሜትር ባነሱ፣ እንደ መጽሐፍ ገጾች በተደራረቡ ስስ ንጣፎች የተሠሩ ናቸው። በካኦሊናይት ውስጥ ንጣፎቹ አጥብቀው ስለሚያያዙ ውኃ በመካከላቸው አይገባም። በስሜክታይት ውስጥ ግን ውኃ በንጣፎቹ መካከል ዘልቆ ይገባና ያሳብጣቸዋል፤ ሲደርቅም ይኮማተራሉ። ዋልካ በክረምት የበሬን እግር የሚይዝ፣ በበጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያበጅበት ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ ለሩዝ ማሳ ውኃ በመያዝ የተመሰገነው ይህ ጠባይ ለሸክላ ሠሪ ፈተና ነው። ከንጹሕ ዋልካ የተሠራ ጋን ገና ሳይተኮስ በመድረቅ ላይ ሳለ ይሰነጠቃል። ካኦሊናይት ብቻ ያለው አፈር ደግሞ ብዙ ስለማይኮማተር ከስንጥቅ ቢድንም እንደ ስሜክታይቱ እጅ የሚታዘዝ ላይሆን ይችላል። ሸክላ ሠሪዎች መፍትሔውን ያገኙት በመቀላቀል ነው። አፈሩን መርጠው ያመጣሉ፤ ጠጠሩን ይለቅማሉ፤ ከዚያም አሸዋ ወይም የተፈጨ የአሮጌ ሸክላ ስባሪ፣ ማለትም ገል፣ ይጨምሩበታል። እነዚህ ፍርፋሪዎች በውኃ ስለማያብጡና ስለማይኮማተሩ የጭቃውን አጠቃላይ መሸብሸብ ይቀንሳሉ። ለውስጡ እርጥበት መውጫ መንገድ ይከፍታሉ። አንዲት ስንጥቅ ብትጀምር እንኳ ከፍርፋሪው ጋር ስትጋጭ እንድትቆም ያደርጋሉ። የተሰበረው አሮጌ ጋን በአዲሱ ጋን ውስጥ ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል ማለት ነው።

ጭቃ ሸክላ ሲሆን

የአማራ ክልል ሸክላ ሠሪዎች በልማድ ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው ዕቃውን ያቆማሉ። ትልቁ ጋን ታችኛው ክፍሉ ክብ ነው፤ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ተረትም ከዚህ የመጣ ነው። ክብ መሆኑ ለውበት ብቻ አይደለም። ማዕዘን ያለው ዕቃ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ውጥረቱ በማዕዘኑ ላይ ስለሚከማች ከዚያ ይሰነጠቃል፤ በክብ ዕቃ ላይ ግን ውጥረቱ ለመላው ግድግዳ ይከፋፈላል። ከዚህም በላይ ክብ ቅርጽ ለያዘው ፈሳሽ መጠን ከሌሎች ቅርጾች ሁሉ ያነሰ የገጽ ስፋት ስላለው በአነስተኛ ጭቃ ብዙ ፈሳሽ ለመያዝ ያስችላል።

የደረቀው ዕቃ በጉድጓድ ወይም በገላጣ ቦታ፣ በኩበት፣ በጭራሮና በገለባ ይተኮሳል። በዚህ ጊዜ ሦስት ወሳኝ ደረጃዎች አሉ። በመጀመሪያ በጭቃው ውስጥ የቀረው ውኃ ይተናል። በወረታ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዕቃው በሚገባ ሳይደርቅ እሳት ቢነካው በግድግዳው ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት መውጫ ያጣና ዕቃውን ያፈነዳዋል። ሁለተኛው ደረጃ በ450 እና በ600 ዲግሪ መካከል የሚከናወን ሲሆን ከማዕድኑ ጋር በኬሚካዊ ትስስር የተያያዘው ውኃ የሚለቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ዕቃው ውኃ ቢነካውም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ሦስተኛው በ573 ዲግሪ የሚያጋጥመው ሲሆን በአሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የውስጥ አወቃቀሩን ለውጦ በድንገት የሚሰፋበት ነው። ሲቀዘቅዝም በዚያው ነጥብ ላይ ይኮማተራል። ስለዚህ ዕቃው ከእሳት በችኮላ አይወጣም።

በገላጣ እሳት የሚደረስበት ሙቀት በአብዛኛው በ600 እና በ900 ዲግሪ መካከል ነው። ሸክላ ሠሪዋ ቴርሞሜትር የላትም፤ ዐይኗ ግን አለ። ማንኛውም ጠጣር ነገር ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ደብዛዛ ቀይ መሆን ይጀምራል፤ ወደ 900 ሲጠጋ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ይህ ሙቀት ጭቃውን ሸክላ ለማድረግ ይበቃል፤ ቀዳዳዎቹን አቅልጦ ለመድፈን ግን አይበቃም። ለሥርዓቱ ዕቃ ጠባዩን የሚሰጠው ይህ «አለመብቃት» ነው።

አዲስ ዕቃ ተገዝቶ ሲመጣ ደግሞ ይሟሻል። ምጣድ በተፈጨ የጎመን ዘር ተደጋግሞ ሲታሽ ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሣል። ከዚህ እንደምንረዳው ማሟሸት ቀዳዳ የበዛበትን ዕቃ ለታሰበለት ሥራ የማዘጋጀት ብልሃት ነው።

በጋኑ ውስጥ የሚሆነው

ለማኅበር የሚሆን ጠላ ከመጠመቁ በፊት ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ ከዚያም በሚጨስ ወይራ ይታጠናል። የወይራው ጢስ ለጠላው መዓዛ የሚሰጥ ከመሆኑም ሌላ በውስጡ ያሉት ፊኖልና አልዲሃይድ የተባሉ ውሕዶች በጋኑ ግድግዳ ላይ የቀሩትን ረቂቅ ተሕዋስያን ቁጥር ይቀንሳሉ። ይህ ማለት ግን ጋኑ ፈጽሞ ከተሕዋስያን ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። ጢሱ በማይደርስባቸው ጥልቅ ቀዳዳዎች ካለፈው ጥንስስ የተረፉ እርሾዎች ሊቆዩና ቀጣዩን ጥንስስ ሊያግዙ ይችላሉ። በብዛት ማጠንም የራሱ ጉዳት አለው፤ ከየትኛውም የእንጨት ጢስ ውስጥ ለጤና የማይበጁ ውሕዶች ስለማይጠፉ በልክ መሆን ይገባዋል።

ጥንስሱ የሚጀመረው በጌሾና በውኃ ነው። የጌሾን ምሬት በተመለከተ ብርሃኑ አበጋዝና ተስፋዬ ከበደ የተባሉ ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት መራራውን ውሕድ ለይተው ጌሾይዲን የሚል ስም ሰጥተውታል። ቀጥሎ ብቅል፣ ከዚያም የተጋገረ ቂጣ ወይም እንኩሮ ይጨመራል። በፎገራ ሩዝ መመረት ከጀመረ ወዲህ ከዳጉሳውና ከበቆሎው ጎን ለጎን ሩዝም ለጠላ ይውላል። በብቅሉ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ቢብላላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ይህ ጋዝ በወረታ የአየር ግፊት 60 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል።

እንግዲህ የጋኑ አፍ ፈጽሞ አየር በማያሳልፍ ክዳን ቢታሸግ ጋዙ ግፊት ይፈጥራል፤ ክፍት ቢተው ደግሞ ከአየር የሚገባው ኦክስጅን የአሴቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ቀስቅሶ ጠላውን ያኮመጥጠዋል። በባህላዊው መንገድ አፉ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ጭቃው ቀዳዳ ስላለው ጋዙን ቀስ እያደረገ ያስወጣል። ከአየር ይልቅ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በጠላው ላይ ተንጣሎ ኦክስጅን እንዳይደርስበት ይከላከላል። አንድ እፍኝ ጭቃ በፋብሪካ ውስጥ ቫልቭ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል።

ሌላው ጠባይ ማቀዝቀዝ ነው። በግድግዳው በኩል ወደ ውጪ የሚሰርገው ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ግራም ውኃ በተራ የአየር ሙቀት ሲተን 580 ካሎሪ ያህል ይወስዳል። 10 ሊትር ውኃ ከያዘ እንስራ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢተን፣ ከውጪ የሚመለስ ሙቀት ባይኖር፣ የቀረው ውኃ ከ5 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። በተግባር ከአካባቢው አየር ሙቀት ስለሚመለስ ቅዝቃዜው ከዚህ ያንሳል፤ ይሁንና በሞቃቱ የበጋ ወራት ልዩነቱ በእጅ ተነክቶ ይታወቃል።

ፕላስቲኩ ሲገባ

በዘመናችን የውኃ እንስራ ቦታ በጀሪካን፣ የጋን ቦታ በፕላስቲክ በርሜል እየተተካ መጥቷል። ይህን ለውጥ በደፈናው መኮነን ተገቢ አይሆንም። እንስራ ከባድ ነው፤ ሸክሙም የወደቀው በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ነው። ጀሪካን ቀላል፣ የማይሰበርና በክዳን የሚዘጋ ነው። ለምግብ መያዣነት ተብሎ የተሠራ ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜልም ለጥንስስ ቢውል በራሱ ጉዳት የለውም።

አደጋው የሚመጣው በርሜሉ ወይም ጀሪካኑ አስቀድሞ ሌላ ነገር የያዘ ሲሆን ነው። የፎገራ ሜዳ የሩዝ ብቻ ሳይሆን የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ነው፤ በእነዚህም ሰብሎች ላይ ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካሎች ይረጫሉ። ባዶው የኬሚካል ዕቃ ሲታጠብ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ፖሊኤቲሊን የተባለው ፕላስቲክ ውኃን ባይመጥም ብዙ ኦርጋኒክ ኬሚካሎችንና የሚሟሙባቸውን ፈሳሾች ወደ ውስጡ ይመጣል። በኋላ በውስጡ አልኮልና አሲድ ያለው ጠላ ሲቀመጥበት የመጠጠውን ጥቂት በጥቂት ይለቃል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የኬሚካል ዕቃዎች ሦስት ጊዜ ታጥበው፣ ዳግም ለአገልግሎት እንዳይውሉ ተበስተው እንዲወገዱ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። በዚንክ የተለበጠ የቆርቆሮ በርሜልም ቢሆን የጠላው አሲድ ዚንኩን ስለሚያሟሟው ለጥንስስ አይመረጥም።

እዚህ ላይ የኦሪቱ ሕግ አስተውሎት በአዲስ መልክ ተመልሶ ይመጣል። የመጠጠውን የማይለቅ ዕቃ በመታጠብ አይነጻም። የማኅበሩ ካህን ጠላውን ከመባረኩ በፊት፣ ተረኛው ወይም ተረኛዋ «ይህ በርሜል ቀድሞ ምን ይዞ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ በእርግጠኝነት የማይታወቅ ከሆነ በርሜሉ ለማኅበርም ሆነ ለቤተሰብ መጠጥ ሊውል አይገባም።

ዕቃዋ ስትከበር ሠሪዋስ?

በምዕራብ አፍሪካ፣ በናይጄሪያና በቤኒን የሚኖሩት ዮሩባዎች ኤይንሌ ወይም ኤሪንሌ ለተባለ የወንዝ አምላክ የሚያዘጋጁት ልዩ የሸክላ ዕቃ አለ፤ አዎ ኦታ ኤይንሌ ይባላል። ከወንዝ የመጡ ጠጠሮችና ውኃ ይቀመጡበታል። ክዳኑም ብዙ ጊዜ በሰው ምስል ያጌጣል። በዮሩባ አገርም እንደ እኛ ሸክላ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ከእነዚህ ሴቶች መካከል የኦኬ ኦዳን ከተማዋ አባታን በዚህ ዕቃ አሠራር የታወቀች ነበረች። አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ሮበርት ፋሪስ ቶምፕሰን ስለ እርሷ ጽፏል፤ ስሟም ከሥራዋ ጋር ተያይዞ ለትውልድ ተላልፏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናገኘው ሌላ ነው። ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ይከበራል፤ የሠራችው ሴት ስም ግን አይታወቅም። ይባስ ብሎም ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች «ቡዳ» እየተባሉ ሲሸሹ፣ ከጋብቻና ከመሬት ሲገለሉ ኖረዋል። በጎንደር ዙሪያ በሸክላና በብረት ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን የዚህ ስም ሰለባዎች ነበሩ። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1991 በተካሄዱ ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሲሄዱ የእጅ ጥበባቸው ከመንደራቸው አብሮ ሄዷል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ልማዱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ሰው በዐይኑ ሰውን ይበላል የሚለው አስተሳሰብ ምንም ዓይነት ሳይንሳዊ መሠረት የለውም። የዚህ ልማድ ዋጋ ዛሬ እየተከፈለ ነው። በሙያዋ የተናቀች እናት ልጇ ሙያውን እንድትወርስ አትሻም፤ ፕላስቲኩ ገበያዋን ሲወስድ ደግሞ ለመተው ሌላ ምክንያት አያስፈልጋትም። ከእርሷ ጋር የሚጠፋው የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር፣ በምን ያህል መጠን እንደሚቀላቀል የሚያውቀው፣ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈው ዕውቀት ነው።

ከሩዝ ቅርፊት የሚገኝ ተስፋ

የሸክላ ቀዳዳ በዓለም ላይ አዲስ ሥራ ማግኘቱን ስናነብ ግን ተስፋ እናደርጋለን። እ.ኤ.አ. በ1981 ጓቲማላዊው ኬሚስት ፈርናንዶ ማሳሪዬጎስ የመጠጥ ውኃ የሚያጣራ የሸክላ ማሰሮ ሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጭቃው ከደቃቅ የእንጨት ብናኝ ወይም ከተፈጨ የሩዝ ቅርፊት ጋር ይለወሳል፤ በእሳት ሲተኮስ ብናኙ ተቃጥሎ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተዋል። የብር ቅብ የሚጨመርበት ይህ ማሰሮ በሰዓት ከ1 እስከ 3 ሊትር የሚሆን ውኃ እያሳለፈ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች ያስቀራል። በካምቦዲያ ማሰሮው የሚሠራው በሩዝ ቅርፊት ነው።

የሩዝ ቅርፊት በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ደጃፍ የሚከመር ነገር ነው። አመዱ ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጅ ያህሉ ሲሊካ ሲሆን ለሸክላ የሚስማማ ማዕድን ነው። ሸክላ የሚሠሩ እጆች፣ የሚመረጥ አፈር፣ የሚጣል ቅርፊት፣ ንጹሕ ውኃ የሚፈልግ ሕዝብ፤ እነዚህ አራቱ ተገናኝተው የሚሠሩበትን መንገድ መፈለግ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር ክፍሎች የተገባ ሥራ ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ማሰሮ በልምድ ብቻ ተሠርቶ አይሸጥም። እያንዳንዱ የፍሰት መጠኑ መለካት፣ የማጣራት ብቃቱም በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት፤ ቅርፊቱን የሚፈጩትም ሰዎች ከብናኙ አፍና አፍንጫቸውን መጠበቅ ይኖርባቸዋል።

ለተማሪዎች ሁለት ቀላል ሙከራዎች

አንደኛ፦ ከሜዳ ጥቁር አፈር፣ ከኮረብታ ደግሞ ቀይ አፈር አምጡና በየብቻው ለውሳችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ዘንጎች አብጁ። ከሁለቱም ሌላ ጥቁሩን አፈር ከሢሶ እጅ የተፈጨ ገል ጋር ቀላቅላችሁ ሦስተኛ ዘንግ ሥሩ። በጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት ካደረቃችሁ በኋላ ርዝመታቸውን ለኩ። የትኛው የበለጠ እንዳጠረ፣ የትኛው እንደተሰነጠቀና ገሉ ምን ለውጥ እንዳመጣ መዝግቡ።

ሁለተኛ፦ መጠናቸው ተቀራራቢ በሆነ የሸክላ ገንቦና የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እኩል ውኃ ሞልታችሁ በነፋሻ ጥላ አስቀምጡ። በየሰዓቱ የውኃውን ሙቀት፣ በቀኑ መጨረሻ ደግሞ የሁለቱን ክብደት ለኩ። ከገንቦው የጎደለውን ግራም በ580 ብታባዙት ትነቱ በቀኑ ውስጥ ስንት ካሎሪ እንደወሰደ ታገኛላችሁ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የማኅበር ጽዋና በዙሪያው ያሉት የሸክላ ዕቃዎች የእምነት ምልክት ብቻ አይደሉም። የጉና ዐለት፣ የርብና የጉማራ ደለል፣ የኩበት እሳትና የሴቶች እጅ ተባብረው የሠሯቸው፣ የሚመጥ፣ የሚተነፍስና የሚያቀዘቅዝ ቁስ ናቸው። ይህ ጠባያቸው ሲታወቅ በቦታቸው የምንተካውን ዕቃ በጥንቃቄ ለመምረጥ እንችላለን። ለማኅበሩ ጠላ የሚውለው በርሜል ከየት እንደመጣ መጠየቅ ዛሬውኑ፣ ያለ ገንዘብና ያለ ባለሙያ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።

ሌላው ሥራ ጊዜ የሚወስድ ነው። አባቶቻችን ችሎታው ተደብቆ የቀረን ሰው «የጋን መብራት» ይሉታል። ጋኑን የሠራችው ሴት ራሷ የጋን መብራት ሆና መቅረቷ ያሳዝናል። የአፈር ምርጫዋን፣ የቅልቅል መጠኗንና የአተኳኮስ ብልሃቷን ከእርሷ ጠይቆ በስሟ መመዝገብ፣ ሙያዋንም ከሌሎች ሙያዎች እኩል ማክበር ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ነው።